ስልኬ ተመዘገበ

የካቲት 6 ቀን 2010፣ ዲላ

ልጄ አዋሳ ወልዳ ሕፃኗን በስልክ ላሳይሽ አለችኝ። የፔንሲዮናችን ኢንተርኔት ግን ስልኬን አላስገባም አለ። ኢንተርኔቱን የምትቆጣጠረው የልጅ ልጄ ምሕረት፣ «የኢንተርኔቱ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ግቢ ውስጥ ያለውን ስልክ ሁሉ ያያል፤ የሚያስተናግደውና የሚያዝዘው ግን የተመዘገበውን ብቻ ነው» አለችኝ።

«እንደ እድራችን ነው በይኛ። ታዲያ ምነው ሳትመዘግቢኝ ቀረሽ?»

«እማማ፣ ከተመዘገብሽ ያዝዝሻል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋብሻል።»

«ባሌ ያላዘዘኝን እስቲ እሱ ይሞክረኝ። መዝግቢ።»

መዘገበችው፣ ገባ። ሕፃኗ ስታዛጋ አየኋት፤ አፍንጫዋ ቁርጥ የእኔ። ጩኸቴን የሰሙ እንግዶች ከየክፍላቸው ወጥተው «እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉኝ። ልጄ ደግሞ ስሟን አንቺ አውጪ ብላኛለች። ይኸው አምስት ጽፌ አምስቱም አማሩኝ። ነገ ጠዋት ትደውላለች፤ የቱን ልጣል...