የሞላሁልህ ጉንጭ

ይመር ሆዴ፣

አፈር ከለበስክ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። እንደምን ሰነበትክ አልልህም። ብጠይቅህም ደህና ነኝ ነው የምትለኝ፤ በዚህ ጉዳይ ቃልህን ማመን ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ጣሪያው በአንተ ጊዜ ባፈሰሰበት በኩል አሁንም ያፈሳል፤ አብዮቱ ያልነካው እሱን ብቻ ነው። እናትህ ጉልበታቸው ደክሟል፣ አንደበታቸው ግን ደህና ነው። መካነ ሰላም ቀበሌ ተቋቁሞላታል፤ በከተማው ጓድ ያልተባልክ አንተ ብቻ ነህ።

ስዕል ያስጀመርከኝ ትዝ ይልሃል? የስዕል መምህር ሚስት መስመር ማስመር አለመቻሏ አሳፍሮህ ይመስለኝ ነበር። ያለማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር፣ ያለኮምፓስ ክብ፣ ባረጀ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ። ክቤ ድንች ሲመስል «እቴነሽ፣ ከትከሻሽ እንጂ ከእጅሽ አንጓ አትሳቢ» ትለኝ ነበር። እርሳስ ዘርግቼ፣ አንድ አይኔን ጨፍኜ ማድጋውን ስለካ እናትህ አዩኝና «ኧረ ልጄ አይኗን ታማለች!» ብለው ጠበል ሊወስዱኝ ተነሱ። አንተ ሳቅህን ውጠህ «ይውሰዱሽ፤ መስመርሽም ይፈወስ ይሆናል» አልክ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሲያሞግሰኝ አንተ ስህተቴን ታሳየኛለህ። ለዚህ ነበር የማምንህ። «የምታውቂውን አትሳዪ፣ የምታዪውን ሳዪ» ያልከኝን እንደ ዳዊት ደገምኩት።

የከሰሉን መስመር የምናጠፋው በዳቦ ፍርፋሪ ነበር፤ ክፉው ቀን ሲመጣ ማጥፊያችንን በላነው። አንተ ግን ልምምዱ አይቋረጥ ብለህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቴ እየተቀመጥክ መልክህን እንድስል ታደርገኝ ነበር። የምሳ ድርሻህን ለእኔና ለእናትህ ትተህ «ከመምህራኑ ጋር በልቻለሁ» ትላለህ። እኔ ያየሁትን ሳልኩ። ወረቀቱን ተቀበልከኝና «ጉንጩን አጎደጎድሽው፤ ጥላ አብዝተሻል» ብለህ በአውራ ጣትህ አሸኸው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው። ታዛዥ ተማሪ ነበርኩ፤ ጉንጭህን ሞላሁልህ። «አሁን ገና አየሽ!» አልከኝ።

ተስቦ ሲመጣ የሚይዘው ሥጋ እንኳ አላገኘብህም። በቀብርህ ማግስት አንዱ የትምህርት ቤት ባልደረባህ ሊያጽናናኝ መጣ። «አብሽሪ እህቴ» አለና፣ አንገቱን ደፍቶ «እኛ እኮ ቤቱ ይበላል ብለን ነበር» አለኝ።

መራብህን ስለደበቅከኝ ይቅር ልልህ እሞክር ነበር፤ በዚያ ዘመን ስንቱ ደብቋል። ግን አይኔ ምን አደረገህ? እውነቱን ይነግረኛል ያልኩት አንድ ሰው አንተ ነበርክ። አይቼህ ነበር እኮ፣ ይመር! አይቼህ ሳለ በእርማትህ እንዳላየሁህ አደረግከኝ።

በቀደም ቀበሌው በሬ የጠመደ ገበሬ በትልቅ ሰሌዳ ላይ እንድስል አዘዘኝ። ካድሬው የጀመርኩትን አየና «ጓድ እቴነሽ፣ ጉንጩ ይሙላ እንጂ! የከሳ ገበሬ አብዮቱን ያሳጣል» አለ። አንተና እሱ በአንድ መምህር እጅ የተማራችሁ መሰለኝ። «ጓድ፣ ይህን እርማት አንድ ጊዜ ተቀብዬ ባሌን ቀብሬበታለሁ» አልኩት። ሰሌዳውን ለሌላ ሰጡት፤ የዚያኛው ገበሬ ጳጳስ ያህላል።

ቅዳሜ ሲመጣ አሁንም እስልሃለሁ፣ በቃሌ። ትረሳኛለች ብለህ አትስጋ። እንድትታወስ በፈለግከው መልክ ግን አይደለም፤ አጥንትህ እንደወጣ፣ ጉንጭህ እንደጎደጎደ አስታውስሃለሁ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ። ጥላ በዝቷል ካልክ ተነስና አርመኝ።

እቴነሽ