ከቀበቶው ያላነሳሁት

ሰኞ፣ ጁን 3
በአልማዝ ፈላጊው መርከብ ከፖርት ኖሎት ወደብ ከወጣን ሁለተኛ ቀን። ንፋስ ከደቡብ። ቁርስ የበቆሎ ገንፎ፣ እንደ ትናንቱ።

መሰርሰሪያው ከባሕሩ ወለል ጠጠር ይስባል። ደቃቁ ጠጠር፣ አልማዝ ወደሚፈለግበት የተቆለፈ ክፍል ይገባል። ትልልቁ በጎማ ቀበቶ ከፊቴ አልፎ ተመልሶ ባሕር ይወድቃል። የኔ ሥራ ትልልቁን ማየት ነው። የጥንት አጥንት፣ ጥርስ፣ የሰመጠ መርከብ ስብርባሪ ካየሁ አንስቼ ከረጢት ውስጥ መክተት፣ የጉድጓዱን ቁጥር መጻፍ። ከፊቴ እስኪያልፍ ስድስት ሰከንድ። ሕግ ነው አሉ፤ ያለ ቅርስ ጠባቂ የአልማዝ ፍለጋው አይፈቀድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ማዕድን ማውጫ ውስጥ በመቆንጠጫ አልማዝ ከጠጠር ለቃሚ ነበርኩ፤ ዓይንሽ ጥሩ ነው ብለው ቀጠሩኝ። ማዕድን ማውጫው ተዘግቶ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ...

ወንፊቱን የሚቆጣጠረው አጎት ፍሎርስ ድሮ ጠላቂ ነበር።
«አንቺ ቁጭ ብለሽ ድንጋይ ታያለሽ፣ እኔ ቆሜ አንቺን አያለሁ። የማን ሥራ ይሻላል?»
«ያንተ ይሻላላ!»
«እንጃ... ድንጋዩ አፍ የለውም።»

በየቀኑ የምፈርመው ቅጽ ላይ፦ ምንም አልታየም።

ረቡዕ፣ ጁን 5
የሻርክ ጥርስ መጣ። ጥቁር፣ መዳፍ የሚያክል፣ ድንጋይ የሆነ። ሥልጠናው ላይ ከሰጡኝ ሥዕል ጋር አንድ ዓይነት። በደንብ አየሁት። እጄ ግን አልተነሳም። ወደቀ።

ምን ነካኝ?

ያደግኩበት የማዕድን ከተማ ሰው ከመሬት ነገር አያነሳም። ድንጋይ ኪሱ ውስጥ የተገኘ አልማዝ ሰርቋል ተብሎ ይታሰራል። ልጅ ሆኜ ዛጎል ሳነሳ እናቴ እጄን በጥፊ መታችኝ፣ ዙሪያዋን እያየች። ቁልፍ እንኳ ቢወድቅብን ዘበኛ ጠርተን፣ እሱ እያየን ነበር የምናነሳው።

ለአጎት ፍሎርስ ነገርኩት። ሳቀ። «ሠላሳ ዓመት ያሰሩትን እጅ በሁለት ቀን ሥልጠና ሊፈቱት ነው?»

ቅጹ ላይ ምን ልጻፍ? አይቼ ተውኩት ብል፣ ታዲያ ለምን ተቀጠርሽ ይሉኛል። ምንም አልታየም ብዬ ፈረምኩ።

ዓርብ፣ ጁን 7
ዛሬ በእውነትም ምንም አልታየም። ምሳ ዓሣ በሩዝ።

ቅዳሜ፣ ጁን 8
ከአሥራ አራተኛው ጉድጓድ እንጨት መጣ። ክንድ የሚያክል፣ የጠቆረ፣ የመዳብ ሚስማር የተመታበት። ሚስማሩ አረንጓዴ ሆኗል። ከኋላው የሸክላ ስባሪ። ሁለቱንም አየሁ። እጄ የት ነበር? ኪሴ ውስጥ። ወደቁ።

አጎት ፍሎርስ ወንፊቱን ሊያጥብ ዞሮ ነበር። አላየም። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።

ምንም አልታየም። ፈረምኩ። ሦስተኛ ውሸት መሆኑ ነው? ሁለተኛ። ሁለተኛ ነው።

እሑድ፣ ጁን 9
ማዕበል። ሥራ የለም። ምሳ ላይ አለቃችን ፊሳጊ ደስ ብሎት ነበር። አሥራ አራተኛው ጉድጓድ አልማዝ የበዛበት ጠጠር ሰጥቷል። ባሕሩ ሲረጋ ዙሪያውን አሥር ጉድጓድ ይቆፈራል።

መሰርሰሪያው ስፋቱ እንደ ጓዳ ነው። ያገኘውን ይፈጫል። ከሥር መርከብ ካለ አሥር ጊዜ ተቆፍሮ ምን ይተርፋል?

ለአጎት ፍሎርስ ተናዘዝኩ። አልሳቀም።
«ብትናገሪ ያባርሩሻል።»
«አውቃለሁ።»
«ባትናገሪ ማንም አያውቅም።»
«እሱንም አውቃለሁ።»
«እንግዲህ ሁለቱንም ካወቅሽ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ሰኞ፣ ጁን 10
ባሕሩ ረጋ። ቁፋሮው ሳይጀመር ፊሳጊ ዘንድ ሄድኩ።
«አለቃ፣ ከአሥራ አራተኛው የመርከብ እንጨት ወጥቷል።»
«የታለ?»
«አላነሳሁትም።»
«ቅጹ ምንም አልታየም ይላል፣ አክስት ካትሪና። የእርስዎ ፊርማ ነው።»
«ዋሽቼ ነው።»
ፊሳጊ ሲናደድ «እርስዎ» ይቀራል። «እንጨት የለሽም፣ ሚስማር የለሽም፣ ያለሽ ውሸት ብቻ ነው። በዚህ ብዬ ቁፋሮ ላቁም?»

ግን ስልኩን አነሳ። ሕጉን ይፈራል። ኬፕታውን ያለችው የቅርስ ባለሙያ ፑምላ አነጋገረችኝ። ስለ ሚስማሩ ጠየቀችኝ። አራት ማዕዘን ነው አልኳት፤ ጫፉ ወደ ግራ የታጠፈ፣ ራሱ በመዶሻ የተዘረጋ፣ አንዱ ጠርዝ የተሰነጠቀ። ስድስት ሰከንድ ለኔ ብዙ ነው። ሣልኩት፣ ሥዕሉን ፎቶ አንስተው ላኩላት።

«ቁፋሮው ይቁም፤ ካሜራ ይውረድ» አለች።
«ለአንድ ሥዕል?» አለ ፊሳጊ። አቆመ ግን።

ረቡዕ፣ ጁን 12
ካሜራው ወረደ። አሸዋ። አሸዋ። ከዚያ ጎድኖች፣ በረድፍ የቆሙ። የእንጨት መርከብ ነው። ርዝመቱን መገመት አልቻልንም።

መሐሉ ላይ ክብ ጉድጓድ። ዳሩ ንጹሕ፣ አራት ጎድን የቆረጠ። የኛ ነው።

ፊሳጊ ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም።

ማክሰኞ፣ ጁን 25
ቤት ነኝ። ደብዳቤው ትናንት ደረሰ፤ ሐሰተኛ ቅጽ በመፈረም ተሰናብተሻል ይላል። እውነት ነው። መርከቡ ያለበት ቦታ ካርታው ላይ ተከልሏል፤ አይቆፈርም። ይሄም እውነት ነው።

ዛሬ ፑምላ ደወለች።
«እማማ ካትሪና፣ ከዚያ በፊትስ? አልማዝ ሲለቅሙ ያዩት ነገር የለም?»
«ምን ዓይነት?»
«አልማዝ ያልሆነ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በመቆንጠጫ ወደ ጎን የገፋሁት... ጥቃቅን ጥርሶች። ድንጋይ የሆኑ ቀንድ አውጣዎች። ጣት የማታክል መንጋጋ፣ ሁለት ጥርስ የቀራት። አልማዝ አይደለም፣ ወደ ጎን። ሁሉም ቆሻሻ ገንዳ ገብቷል። ግን አየኋቸው፤ አንዱም አልጠፋኝም። ደብተር አውጥቼ መሣል ጀመርኩ።

ወደ ማታ መልሳ ደወለች። «ሥዕሎቹ ስንት ደረሱ?»
«አርባ ሦስት።»
«ከሠላሳ አንዱ ዓመት?»
«ኧረ የለም። የመጀመሪያውን ዓመት ገና አልጨረስኩም።»

ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ። ከሥራዬ ስባረር እንኳ አላለቀስኩም ነበር።