መወርወሪያው ከውጭ የነበረ በር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሙሀመድሰይድ፤ ድሬዳዋ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱ። ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትህ? እንደምንስ ከረምህ? ያ ወገብህን ይዞ አላስነሣ ያለህ ሕመም ለቀቀህ ወይ? ሙቀቱስ አልበላህም? ባለቤትህ አሚኔ ደኅና ናት? ልጆቹስ እንዴት አደጉ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። እናታችን ደኅና ናት፤ ዓይኗ ትንሽ ደከመ እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ከጎረቤት ጋር ስትከራከር ድምፅዋ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ባለቤቴ አብዶም ደኅና ነው፤ መጥረቢያና መጋዙን ተሸክሞ እንደ ልማዱ ይውላል። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናትና ደስ ይበልህ።

እኔ እየተናገርሁ የሚጽፍልኝ አስረስ ነው፤ ቤተ ክህነት የተማረ ጎረቤታችን ነው። «አሳጥሪው፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ነው» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ «ጠቅጠቅ አድርገህ ጻፈው» እለዋለሁ። ደብዳቤውን የላክሁት በፖስታ ሳይሆን በታመነ ሰው እጅ ነው። ምክንያቱ ስታነበው ይገባሃል፤ አንተም ለማንም አታሳይ።

ባለፈው በላክኸው መልእክት «ከጣሊያን ጋር ግብግብ አትግጠሚ፤ ለልጆችሽ ብለሽ ቻይው» ብለኸኝ ነበር። ምክርህ ከፍቅር የመጣ መሆኑን ዐውቃለሁ። ነገር ግን የደረሰኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ እንኳንም ዘገየ! አልቻልነውም ወንድሜ። ባለመቻላችንም ዛሬ በሕይወት አለን። ከሥሩ ልንገርህ።

አንድ ጣሊያን ነጋዴ ከመንገዱ ዳር ያቆመው የቃጫ ቤት አንተ ስትሄድ አልነበረም። ከእንሰት የተፋቀው ቃጫ ከመስቃንም ከቸሃም በአህያ ይመጣል፤ እኛ ሴቶች ገመድ እንገምዳለን፣ ጆንያ እንሰፋለን፤ ካሚዮን መጥቶ ይወስደዋል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው እኛ እንሠራለን፤ በኋለኛው ደረቅ ቃጫ እስከ ጣሪያው ይከመራል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል አንድ በር አለ፤ ከኛ ክፍል ወደ ደጅ የሚያወጣ ሌላ አንድ በር አለ፤ በቃ፣ ሌላ መውጫ የለውም። መስኮቶቹ ድመት እንኳ አያሳልፉም፤ እነሱም በሽቦ የታጠሩ ናቸው።

ካቦው፣ የሥራው አለቃ፣ ሸረፋ የሚባል የኛው አገር ሰው ነው። ጠዋት ቆጥሮ ያስገባንና «ቃጫ ትሰርቃላችሁ» ብሎ የብረት መወርወሪያውን ከውጭ ወርውሮብን ገበያ ሄዶ ይቀመጣል። በሩ ራሱ ጤና አልነበረውም። የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ ክረምት ያሳበጠው ሳንቃ በጋውንም ደፉን እየጫረ በሁለት እጅ ካልተጎተተ አይንቀሳቀስም። ይህ አነሰ ብሎ የተሰፋውን ጆንያ እዚያው በሩ ሥር እንድንከምር ያዘናል። ያን ጊዜ እኔም ነገሬ ብዬ አላየሁትም፤ ሰው የለመደውን በር ያያል እንዴ?

ያየችው እትዬ ዘነበወርቅ ናት፤ የአስረስ እኅት። የዛሬ ሁለት ዓመት የካቲት ላይ አዲስ አበባ የሆነውን አንተም ሰምተሃል። ጣሊያኖቹ በሩን ከውጭ ጠርቅመው አንድ ቤት ከነሰው ሲያቃጥሉ እትዬ ዘነበወርቅ በዓይኗ አይታለች፤ ታላቅ እኅታቸው እዚያ ውስጥ ነበረች። አስረስ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጦ ብዙ ቆየ። ኋላ ራሱ «ይጻፍ» አለ።

ኅዳር ላይ፣ በገበያው ቀን፣ ዘርፈሽዋል የምትባል ጓደኛችንን እዚያው እንደ ተቆለፈብን ምጥ ያዛት። በሩን በጡጫም በድንጋይም ደበደብነው። ሸረፋ ገበያ ነው። በመንገድ የሚያልፈው ሰው ጩኸታችንን ሰምቶ ይቆማል፤ ግን «የጣሊያን ቤት ነው» እያለ መወርወሪያውን ለመንካት ይፈራል። አንዱማ በሳንቃው ቀዳዳ አፉን አስጠግቶ «አይዟችሁ እናቶቼ» ብሎን ሄደ! እትዬ ዘነበወርቅ ነጠላዋን አወለቀች፤ እኔ ከኋላ ያዝኋት፤ ዘርፈሽዋል በጆንያው ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እትብቱን የቋጠርሁት በምሰፋበት ክር ነው። ማታ ሸረፋ በሩን ሲከፍት የሕፃን ልቅሶ ተቀበለው፤ አፉን በእጁ ይዞ ቆሞ ቀረ።

በማግሥቱ አልገባንም። ከደጁ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀመጥን። እትዬ ዘነበወርቅ «ልጅ ሲወለድ ያልተከፈተ በር እሳት ሲነሣ ይከፈታል? እኔ ከውጭ በተወረወረ በር ሁለተኛ አልገባም» አለች። ሁላችንም «አንገባም» አልን። ጣሊያኑ አስተርጓሚውን አስከትሎ መጣ፤ ጮኸ፤ ከቡኢ ሌሎች ሴቶች አመጣለሁ ብሎ ዛተ። አመጣም። ሴቶቹ ከካሚዮኑ ወርደው «ምን ሆናችሁ?» አሉን፤ ነገርናቸው፤ እነሱም ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ከጎናችን ተቀመጡ።

ይሄኔ ሰውዬው ብልሃት አመጣ። አስተርጓሚው እኛን እስላሞቹን ለብቻ ጠርቶ «መንግሥት ለናንተ ወዳጅ ነው። ለናንተ ከደጅ ዳስ ይሠራላችኋል፤ በነፋሱ ትሠራላችሁ። ክርስቲያኖቹ ግን ገመድ እየሰረቁ ለሽፍታ ያቀብላሉና ይቆለፍባቸዋል» አለን። ከግማሽ በላይ እኛው ነበርን። እትዬ ዘነበወርቅ ከዋንዛው ሥር ታየናለች። ወላሂ ወንድሜ፣ ቤቴ ውስጥ ዱቄት አልነበረም። ብቻ እግሬ አስነሣኝ። «ለጌታህ ንገርልኝ፤ እሳት ሲመጣ ሃይማኖት አይጠይቅም። ዳሱም ይቅርብን። በሩ ይከፈት፤ የሚከፈተውም ለሁላችን ነው» አልሁ። ከኋላዬ የሴቶቹ ቀሚስ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ዘወር ብል አንዲት የተቀመጠች የለችም።

እናታችን ይህን ስትሰማ ተቆጥታ ትገርፈኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በማግሥቱ ቆጮ በቅርጫት ተሸክማ መጥታ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም አከፋፈለች፤ ጣሊያኑ እያየም አልፈራችም። ጆንያችን የሚሄድላቸው የጣሊያን ወታደሮች እህል መያዣ አጥቶ መሬት ላይ ተዘርግፎ ነበርና ሰውዬው ብዙ ሊቆይ አልቻለም። መወርወሪያው እንዲነሣ ፈቀደ፤ ስንወጣ ግን እንድንፈተሽ አዘዘ። እትዬ ዘነበወርቅ «ፈታሿ ሴት ትሁን፤ የምንመርጣትም እኛ» አለች። እሱንም እሺ አለ።

በሩን የነቀለው አብዶ ነው። ሳንቃውን ላገው፤ ማጠፊያውን ገልብጦ በትከሻ ሲገፉት ወደ ደጅ እንዲከፈት አደረገው፤ ከሥሩም የተከመረውን ጆንያ አስነሣ። «ሰው ሲደነግጥ ወደ በሩ ይጋፋል፤ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ራሱ ተጋፊው ይዘጋዋል» አለኝ ማታ። የመካከለኛውን በር ደግሞ ከቤንዚን በርሜል በተቀጠቀጠ ቆርቆሮ ለበጠው። ይህን ያስፈቀደችው እትዬ ዘነበወርቅ ናት፤ ለጣሊያኑ «ወዲህ እሳት ቢነሣ ቃጫህ እንዳይቃጠል ነው» ብላ አስነገረችው። ለነፍሳችን ያልፈቀደውን ለቃጫው ወዲያው ፈቀደ።

ከዚያ በኋላ አስቸጋሪዎቹ እኛው ሆንን። በጋው ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ የመካከለኛውን በር በድንጋይ ደግፈን ክፍት እንተወዋለን፤ ከወዲያኛው ክፍል መስኮት ነፋስ ይመጣልና። እትዬ ዘነበወርቅ ድንጋዩን በእግሯ ገፍታ ትዘጋዋለች። እንደገና እንከፍታለን፤ እንደገና ትዘጋለች። «ክፍት ከሆነማ ምኑ በር ሆነ? ቀዳዳ በሉት!» እያለች ትጮህብናለች። አንድ ቀን ድንጋዩን አንሥታ እወንዝ ወርውራው መጣች። አኮረፍናት፤ ላባችንን እየጠረግን አማናት። እሷ ከነገሯ ንቅንቅ አላለችም።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ፀሐይ ጠንክራ ሳለ፣ ከቤቱ ጀርባ ካለው የወታደሮች ማድ ቤት ነፋስ ፍም አንሥቶ በቃጫው ክፍል መስኮት ጣለው። እኛ ምንም አላየንም። አንዲቱ ቃጫ ልታመጣ የመካከለኛውን በር ገርበብ ስታደርግ ጢሱ ፊቷን መታት፤ በደረቷ ገፍታ መልሳ ዘጋችው። «እሳት!» አለች። ቃጫ ሲነድ ሰምተህ ታውቃለህ? እንደ ዝናብ ያፏጫል። እኛም ሁላችን ወደ ደጁ በር ተጋፋን፤ ማንም ማንንም አልጠበቀም፤ ስንገፋው ጊዜ በሩ ወለል አለ። ተረገጥን፣ ወደቅን፣ ተነሣን፣ ወጣን! ዘርፈሽዋል ልጇን በጀርባዋ አዝላ ነጠላዋ ሳይወድቅ ወጣች።

ሸረፋ ያን ቀን ገበያ አልሄደም፤ ጆንያ ሊቆጥር ከኛ ጋር ውስጥ ነበር። ከደጅ ዘወር ብዬ ሳይ በማዕዘኑ ቆሞ ቀርቷል፤ ዓይኑ ተተክሎ፣ የቆጠረውን ጆንያ እንዳቀፈ። ተመልሼ ኩታውን ይዤ ጎተትሁት። «ኧረ ና! በሩ ክፍት ነው!» አልሁት። ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። በሩ እንደ ድሮው ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ ጆንያም የተከመረበት ቢሆን ኖሮ እሱም ከኛ ጋር እዚያው ይቀር ነበር።

እትዬ ዘነበወርቅ አንድ በአንድ ዳሰሰችን፤ ስማችንን እየጠራች። አንዲት አልጎደለችም። ከዚያ ፊቷን ወደ ሰማይ አቅንታ እልል አለች! እኛም ተቀበልናት፤ ቤቱ እየጤሰ እኛ እልል እንላለን፤ ሰው ሠርግ ነው ወይስ ቃጠሎ እያለ ግራ ገባው። ከመስጊዱም ከገበያውም ወንዱ ጠቅላላ መጣ። ከየጓሮው እርጥብ እንሰት እየጎመዱ ግንዱን ከነውሃው እሳቱ ላይ ጣሉበት፤ በቅጠሉ ደበደቡት፤ ጭቃ መረጉበት። የቃጫው ክፍል ጣሪያ ተደረመሰ። የመካከለኛው በር ግን፣ ቆርቆሮው ቀልቶ፣ ሳንቃው በወዲያ በኩል ከስሎ፣ ከመቃኑ ሳይነቃነቅ ቆሞ እሳቱን ያዘው። የምንሠራበት ክፍል ተረፈ፤ ከጎኑ ያሉት የሣር ቤቶችም ተረፉ። አብዶ በሩን እጁን ዘርግቶ ሲዳብስ አየሁት፤ ያን ቀን የኔ ባል በመሆኑ ኮራሁ።

ጣሊያኑ መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀው ስንት ጆንያ እንደ ተረፈ ነው። ይጠይቅ! ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ቡታጅራ የምታወራው ስለ ሴቶቹ ነው። የቆዳ መጋዘኑም የወፍጮ ቤቱም ሰዎች ከውጭ የሚወረወርብን በር አንፈልግም ብለው በራቸውን ለአብዶ እያሳዩት ነው። እኛም ቤት ሥራ አለ፤ እናታችን ከበሩ ኋላ የደረደረችውን ገንቦና የእንጨት ክምር አስነሥተናል፤ በሩም ምድር መጫሩን ትቷል። ወደ ውጭ ይከፈት ስንላት ግን «በር ወደ እንግዳ ፊት አይገፋም፣ ነውር ነው!» ብላ ተሟገተችን። በጓሮ በኩል ሌላ በር እንዲወጣ ተስማማችና ተገላገልን። አሁን ለመጣ ሰው ሁሉ የጓሮውን በር እሷ እንዳሰበችው አድርጋ ታሳያለች።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ላንተ ምክር ልስጥ። ያ የሥራ ተራ ሲደርስህ ከሰዎች ጋር የምታድርበት ክፍል፣ ዘበኛው ከውጭ ይቆልፈዋል ብለኸኝ ነበር። ዛሬውኑ ጓደኞችህን ሰብስብና ቁልፉ ከውስጥ ይሁን በሉ። ብቻህን አትናገር፤ ኦሮሞውንም፣ ሶማሌውንም፣ ዐረቡንም ይዘህ አንድ ላይ ተናገሩ። ከበሩ ሥር ዕቃ አታስቀምጡ። እንቢ ካሉህ እዚያ አትደር፤ ከደጅ ተኛ፤ ኮከብ ማንንም አልገደለም።

እናታችን ዓይንህን ያሳየኝ ትላለች፤ ሌሊት ሌሊት ዱዓ ታደርግልሃለች። አብዶ ሰላም ይልሃል። አሚኔን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ፤ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራህ ሰላም በልልኝ። ጎረቤቶቹ ሁሉ፣ እትዬ ዘነበወርቅም ሰላም ይሉሃል፤ አስረስም እዚሁ በራሱ እጅ ሰላም ብሎሃል። ዘርፈሽዋልም ሰላም ትልሃለች፤ ልጇ ወፍሮ ለሰው ሁሉ መሳቅ ጀምሯል። ካቦ ሸረፋ ደግሞ ለወንድምሽ ስትጽፊ ሰላም በይልኝ ብሏል። ተቀበለው፤ ሰው ሆኗል።

እኅትህ ከድጄ

ቡታጅራ፤ የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.