የጭሱ ክፍያ

ጥቅምት 6
ጠዋት ካፊያ ነበር። ጥሬ ጡቡን ላስቲክ ስናለብስ አረፈድን። ከሰዓት ከግብር ቢሮ ደብዳቤ ከነቅጹ መጣ። ግብር ጨምሯል... እሱስ የተለመደ ነው። አዲስ የሆነው የብክለት ክፍያው ነው። የጡብ እቶን ያለው ሁሉ እንደሚያነደው ነገር ይከፍላል። ሰጋቱራ ዝቅተኛው፣ አሮጌ ጎማ ከፍተኛው። እኛ ደግሞ የምናነደው ጎማ።

ጥቅምት 9
እትዬ ጋ ሄድኩ። ማምረቻው ግማሹ የእሷ ነው፤ ከአባታችን ለሁለታችን የቀረ። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው።
"ቅጹን የሚሞላው ማነው?"
"እኛው ነን።"
"እንግዲያው ምን ያስጨንቅሃል? ሰጋቱራ ብለህ ሙላ።"
"ውሸት እኮ ነው፣ እትዬ።"
"አሥራ አራት ሠራተኛ ከመበተን ይሻላል።"
ቅጹን ይዤ ተመለስኩ። የሄድኩትስ ይህን እንድትለኝ ብዬ ይሆን?

ጥቅምት 12
ሞላሁት። ሰጋቱራ። ፈረምኩ። በዚያው ቀን ቢሮ አስገባሁት።

ጥቅምት 27
ተቆጣጣሪ ሳይነገረን መጣች። ልጅ እግር፣ ረጋ ያለች። ጎማው ከቅጹ ወዲህ ጓሮ በሸራ ተሸፍኖ ነው የሚውለው። እቶኖቹም በዕድል አልተቀጣጠሉም ነበር። እኔን ትታ ቀጥ ብላ ወደ ጋሼ ፍሙ ሄደች። እሳት አንዳጃችን ነው። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ከእቶኑ አፍ አልተነሳም፤ ፍሙ የሚለውን ቅጽል ስምም ያወጣንለት ልጆች ሳለን ነው።
"አባባ፣ ምንድን ነው የሚያነዱት?"
እኔን አላየኝም። "ሰጋቱራ ነው፣ ልጄ" አላት። ወዲያው ሳል ያዘው። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ... እስኪበርድለት ቆማ ጠበቀችው። የራሷን ውሃ ሰጠችው። ከዚያ ጻፈችና ሄደች።
እንዲዋሽ አላዘዝኩትም። ግን ማዘዝ ያስፈልገኝ ነበር እንዴ?

ጥቅምት 28
ለብቻው አገኘሁት። "ለምን እንደዚያ አልካት፣ ጋሼ?"
ገረመው። "ታዲያ ላስበላህ ኖሯል?"
ከዚያ፣ "ለሐኪሙም ሳሉ ከሲጋራ ነው ብዬዋለሁ" አለኝ። "አፌ ነክቶት አያውቅም።"
ጡቡ ላይ ቁጭ አልኩ። 

ኅዳር 2
ግብር ቢሮ ሄድኩ። ቅጼን ላስተካክል ነው አልኩ።
"ለማስቀነስ?" አለኝ ጸሐፊው፣ ቀና ሳይል።
"ለማስጨመር።"
አሁን ቀና አለ። ባልደረባውን ጠርቶ እኔን አሳየው፣ እንደ ብርቅ። ቅጣትም አለው። ከመቅጣታቸው በፊት ግን ወንበር ሰጡኝ።

ኅዳር 3
ለእትዬ ነገርኳት። "አባታችን የሠራውን በአንድ ፊርማ አፈረስከው" አለችኝ። በሩን ወርውራ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር። ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ኅዳር 19
ክፍያውንና ቅጣቱን ስላልቻልን ከሁለቱ እቶኖች አንዱን ዘጋን። አራት ሰዎች አሰናበትኩ። ሦስቱ ጨበጡኝ። አራተኛው እጁን ኪሱ ከተተ።
እውነቱን የተናገርኩት እኔ፣ የከፈሉት እነሱ። ይሄ ሐቅ ነው የሚባለው? ቀድሜ ባልዋሽስ ኖሮ... አላውቅም።

ታኅሣሥ 8
ጋሼ ፍሙን ከእሳቱ አነሳሁት። ማድረቂያው ላይ ነው አሁን፣ በዚያው ደመወዝ። ሐኪሙ ጋ አብረን ገብተን እውነቱን ነገርነው።
ጎማውን ትተን ወደ ሰጋቱራ ዞረናል፤ የማነደውም እኔው ነኝ። የመጀመሪያው ዙር ግማሹ ጥሬ ወጣ። ጋሼ አንዱን አንስቶ በጥፍሩ ጫረው፤ "ይሄ ጡብ ነው ብስኩት?" ብሎ ሳቀ። ሳቁ አሁንም የሚያልቀው በሳል ነው።
እትዬ ደወለች።  "ሽማግሌው እንዴት ነው?" ብቻ።
ሃያ ሁለት ዓመት ባለቤት ነኝ። እቶኑ አፍ ላይ ስቆም ግን ገና ሳምንቴ ነው። ዛሬ ነፋሱ ዞረና ጭሱ ፊቴን ሞላው። ጥዬ ሸሸሁ፣ እስከ በሩ ድረስ።
ጋሼ የት ይሸሽ ነበር?