ለአባ ያየሁለት ደመና

ሰኞ
ዛሬ አባን አሳፈርኩት። የሰፈሩ የውሃ አባት እሱ ነው፤ ደመና አይቶ ጡሩምባ ያስነፋል፣ ሰው ወርዶ ከላስታ ተራሮች የሚወርደውን የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ይመራል። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሰማዩን የምነግረው እኔ ነኝ። "ጠቁሯል" አልኩት። የቱ ጋ እንደሆነ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። አስነፋ። ከጣሊያኑ መንገድ ማዶ ያለው ሰው ሳይቀር አረሙን ጥሎ መጣ። ደመናው በምሥራቅ፣ በዞብል ተራራ በኩል ነበር! የዚያ ዝናብ ለአፋር እንጂ ለእኛ ጠብ አይልም። ጎረቤታችን አያ ሰይድ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ዓይን የሌለው የውሃ አባት ምን ያረግልናል? ዓርብ ሌላ እንምረጥ" አለ። አባ በትሩን እየደገፈ ወደ ቤት አቀና። አንገበገበኝ።

ማክሰኞ
አባ አልተቆጣኝም። ጭራሽ እልህ ያዘው። "አንች፣ 'ጠቁሯል' ብቻ አትበይኝ። እኔ እንደማየው አርገሽ ንገሪኝ።" ደጃፍ ተቀምጠን ሰማይ ስናወራ ዋልን። ስስ ነው ድፍን? አንዣቧል ወይስ አላፊ ነው? ከተራራው በላይ ነው ወይስ ተራራውን ውጦታል? "እንደ ባዘቶ የተነደፈውስ?" አልኩት። "እሱ ለዓይን ነው፣ ውሃ የለውም" አለ። ይህን ሁሉ ቃል ማወቄን ራሴም አላውቅም ነበር።

ረቡዕ
ጉም ብቻ። ረፋዱ ላይ ተገፈፈ። ማሽላው ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል። ፈራሁ።

ሐሙስ
ከቀትር በኋላ በላስታ ተራሮች በኩል ደመና መቋጠር ጀመረ። "አባ፣ በላስታ በኩል ነው። ቅድም ክምር ክምር ነበር፣ አሁን ገጥሟል። ሆዱ ጠቁሯል። አይነቃነቅም፣ ተጭኖ ቆሟል። ከሥሩ ግራጫ መጋረጃ ወርዷል።"
"መጋረጃው መሬት ነክቷል?"
"ነክቷል።"
"አስነፊ!"
እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። ሰው እያጉረመረመ መጣ፤ አያ ሰይድማ ባዶ እጁን። ጎርፉን የሚጠልፉበትን ድንጋይና እሾህ ደርድረው ሳይጨርሱ ወንዙ ከላይ ማጓራት ጀመረ። ጠብታ ሳናይ ጎርፉ መጣ፣ ወደ ማሽላችንም ዞረ። አያ ሰይድ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ድንጋይ ሲያቀብል አየሁት። ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ!

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አባ እንዲቀጥል ተስማሙ፤ አያ ሰይድ አልተቃወመም፣ አልደገፈምም። የሚመጣው ጎርፍ ምን እንደሚያደርገን አላህ ያውቃል።
ማምሻውን አያ ሰይድ በደጃችን ሲያልፍ ቆመ። አባም ተቀምጧል፤ የጠየቀው ግን እኔን ነው። "ሰማዩ እንዴት ነው?"
"በላስታ በኩል ስስ ነው፣ ገና አልገጠመም" አልኩት።
ወደ ሰማይ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። "እንግዲያ ነገ አረም እገባለሁ" ብሎ ሄደ።