ከወረቀቱ ጀርባ የተጻፈው ስም

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም፣

ጤናሽ እንዴት ሰነበተ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ ክረምቱን ሙሉ እንዳጎነበስሽ ወጣሽ? ዝናቡ ለቀቃችሁ? ጤፉስ ዘንድሮ እንዴት ያዘ? እኔ ወባ ሁለት ጊዜ ጎብኝታኝ ብትሄድም ተመስገን በእግሬ ቆሜአለሁ። ከላይ እታለም ብቻ ብዬ ስምሽን ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፤ ምክንያቱን ስታነቢ ትደርሽበታለሽ። መሠረተ ትምህርት የገባሽ ጊዜ ከልጅ ልጆችሽ ጋር ፊደል ልትቆጥሪ ነው ወይ ብዬ ስቄብሽ ነበር። ዛሬ ግን ይህን ለሰው ሳታስነብቢ ራስሽ ማንበብ በመቻልሽ የሚሰማኝን ደስታ አልነግርሽም። ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ድምፅሽን አታሰሚ።

ፖሊሶችን ጥናትና ምርምር አስተምራለሁ ያልኩሽ ዕለት፣ ፖሊስ ደግሞ መጠየቅ የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል ወይ ብለሽ አፌዝሽብኝ። ተማሪዎቼ ከየጣቢያው ተመርጠው ኮሌጅ የገቡ ናቸው፤ ብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ዓመቱን ሙሉ የነገርኳቸው ምርምርና ምርመራ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። በምርመራ የምትፈልጊው ሰውየውን ነው። በምርምር ግን የምትፈልጊው ነገሩን ስለሆነ ስሙን አትጠይቂውም። ይህንን ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ለመስክ ልምምድ አሥራ ሁለቱን ይዤ እዚህ መተማ ቆላ ወረድኩ። ጥናታችን ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚመጡ ሠራተኞች ሲሰረቁና ሲደበደቡ ለምን ለፖሊስ እንደማያመለክቱ ነው። መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ “ከቤተሰብህ ወደ ሱዳን የተሻገረ አለ?” ይላል። ፖሊስ የሚሸሹት ለዚህ ይሆናል ብዬ ነው ያስገባሁት፤ ያን ጊዜ ብልህነት መስሎኝ ነበር። ሠራተኞቹ ዳሱ ሥር ተሰልፈው ሳያንገራግሩ መለሱልን። እኔም ሞኙ አመኑን ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ኋላ ሳይ፣ ለእርሻው በተላከው የትብብር ደብዳቤ ላይ “ለምርምር” የሚለውን ታይፒስቷ “ለምርመራ” ብላ መትታው ኖሯል። የተቀየሩት ሁለት ፊደሎች ብቻ ናቸው።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ትጉው አዛናው የሚባል ሃምሳ አለቃ ነው። ወረቀቶቹን ሲያስረክበኝ የእጅ ጽሑፉ እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ። ገልበጥ ሳደርጋቸው ግን በእያንዳንዱ ጀርባ የመላሹ ስም እስከ አያቱ ተጽፏል፤ ከሥሩ የትውልድ ቀዬው፣ ከዚያም የአውራ ጣቱ አሻራ። ምን ነካህ ብዬ ጮህኩበት። ቅር ብሎት አየኝና፣

“መምህር፣ ነገ አላልንም ቢሉስ?” አለኝ።

ክፋት የለበትም እታለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ሲቀበል የኖረ ሰው ነው፤ ያልተፈረመበት ቃል እሱ ዘንድ ቃል አይደለም። ብቆጥራቸው አርባ አንድ ሆኑ፤ አርባ ሁለት መሆን ነበረባቸው። የጎደለውን ብጠይቀው የአካባቢው የጸጥታ ኃላፊ እኔ ሌላ እርሻ በሄድኩበት ቀን መጥቶ አንድ ናሙና አሳየኝ እንዳለውና ከላይ ያለውን አንስቶ እንደሰጠው ነገረኝ። ከናሙናው ሙሉው ይታወቃል ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ከላይ የነበረው የፈንቴ ወረቀት ነው። ይህን ስም የምጽፍልሽ አስቀድሞ በእጃቸው ስለገባ ነው። የኛው አገር ልጅ ነው፣ ከሞጣ ማዶ። አነጋገሬን ሰምቶ ዘመድ ያገኘ ያህል ደስ ብሎት የማሽላ ንፍሮውን አካፍሎኛል። ወንድሙ ሱዳን፣ ገዳሪፍ እንዳለም በዚያው ፊቱ ነገረን። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ከማሳው ወሰዱት። ትናንት ሐሙስ ስሄድ ማጭዱ ነዶው ላይ እንደተሰካ ነበር፤ ማንም አልነካውም።

ከዚያ ስመለስ ኃላፊው አስጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ፣ ስለ ኮሌጁም ጠየቀኝ። ከዚያ የቀሩትን አርባ አንድ ወረቀቶች ሰኞ ጠዋት ይዘህልኝ ና አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የቤት አከራዬ የማሽላ አገዳ አንድዳ ድስት ጥዳ ሳለች ገባሁና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እሳቱ ውስጥ ከተትኳቸው። መረጃ እንዳይጠፋ እያልኩ ዓመት ሙሉ የወተወትኩ ሰው ነኝ። ሴትየዋ ድስቷን ጠጋ አደረገችልኝ። ቀና ስል አዛናው በሩ ላይ ቆሟል። ሰላምታ ሰጥቶኝ ሄደ። ሐሰት የማያውቅ ሰው ነው፤ ሰኞ ከጠየቁት ያየውን ይናገራል፣ ስሙንም እስከ አያቱ ጽፎ ይፈርምበታል። በጣም ፈርቻለሁ። ድንበሩ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ተሻገር ያለኝም ሰው አለ። እኔ ብሻገር ግን አሥራ አራተኛው ጥያቄ አንቺ ደጃፍ ይመጣል። ስለዚህ ሰኞ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የፈንቴ ሚስት በገበያ ቀን ጎመን ዘር ትሸጣለች፤ አፋልጊና አግኚያት። ለኅዳር ጽዮን እገባለሁ ብሏት ነበርና እንዳትጠብቀው ንገሪያት። ታሟል ብለሽ አትሸንግያት። ጥያቄውን የጻፈው ወንድሜ ነው በያት።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የሰሊጥ መኪና ሾፌር ነው፤ በፖስታ ቤት መላክ አልደፈርኩም። ካነበብሽው በኋላ ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ ስደርስ ሁሉንም በስም እየጠራሁ ሰላም እል ነበር፤ አንዱን ብረሳ ታኮርፊኝ የለ? ዛሬ ግን የቤተሰቤን ስም ዘርዝሬ መጻፍ እጄ እንቢ አለኝ። ላሚቱን ለሚያልበው፣ በግንቦት ለተዳረችው፣ ጥርስ ላበቀለው ትንሹ፣ በሩ ሥር ፀሐይ ለሚሞቁት ሽማግሌ፣ አጥር ለምትዋሰነን ሴትዮም ሰላም በይልኝ። ስማቸውን አንቺ ጥሪልኝ እታለም፣ በቃልሽ ብቻ።

እጄን ታውቂዋለሽና አልፈርምበትም።

ገንዳ ውሃ
ጥቅምት 26 ቀን 1975 ዓ.ም.