አባባ ያገኙት አዲስ ሆራ

ለምወድህ ወንድሜ ለለታ ረጋሳ፤
አቃቂ

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? የማቅለሚያ ክፍሉ እንፋሎት ያመጣብህ ሳል ተወህ ወይ? አሰፋሽስ ደህና ናት? ትንሹ ዲማ መራመድ ጀመረ ወይስ እንደ አባቱ ሰንፎ ታዝሎ ሊያረጅ ነው? የላክኸው ፎቶግራፍ ደርሶን እማዬ ትራሷ ሥር አድርጋው ትተኛለች። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ፈርቻለሁ፤ የምፈራውን የምነግረውም ከአንተ ሌላ ሰው የለኝም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም። የሚያመጣልህ የጭነት መኪና ሹፌሩ አምባዬ ነው። አንብበህ አቃጥለው፤ መልሱንም በእሱ እጅ ብቻ ላክልኝ።

እንደምታውቀው እዚህ ጎባ በሴቶች ማኅበር የብርድ ልብስ ክር አቀልማለሁ። ክሩን በበርሜል ከቀለም ዱቄት ጋር እንቀቅላለን፤ ቀለሙ እንዲይዝም ጨው በጆንያ እንጨምርበታለን። የተረፈውን ውሃ ከግቢው በታች ባለው ድንጋያማ ሰርጥ እንደፋዋለን። እዚያ ሰርጎ ይጠፋል፤ የት እንደሚወጣ ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ክረምቱ ካለፈ ወዲህ በአባባ የግጦሽ መስክ፣ ከጅረቱ ጠርዝ፣ ቡናማ ውሃ መፍለቅ ጀመረ። ከብቶቹ ቀምሰውት አንነቃነቅ አሉ። አባባም ቀመሱት፤ ጨው ጨው አላቸው። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው! ሆራ ፈለቀልን፣ ከብት ለጨው ውሃ ሩቅ አገር መንዳት ቀረልን፣ ዋቅኒ ኑፍ ኬኔ፣ ፈጣሪ ሰጠን እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መረቁት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የአካባቢው ከብት በሙሉ እየተነዳ ይመጣል። አባባ ራሳቸው ለሆዴ መድኃኒት ነው እያሉ በየጠዋቱ በጣሳ ይጠጡታል።

ባለፈው እሁድ ልጠይቃቸው ሄጄ ጅረቱን አየሁት። እንቁራሪት አይጮህም። ጣት የማያክሉ ዓሣዎች ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ከዳር ተከማችተዋል። ድንጋይ ባገላብጥ ሥሩ የሚርመሰመስ አንዲት ነፍስ የለችም። አባባ ግን ደስታቸው ሌላ ነው፤ የበሬውን አፍ ከፍተው አልቅቱ ሁሉ እንዳለቀ አሳዩኝ፤ ሆራው አጸዳልን ይላሉ። አንዷ ላማችን ጨንግፋለች፤ እሱን የሰው ዓይን ነው አሉ። የውሃውን ቀለም ሳይ የክሩ ቀለም የያዘ ጥፍሬን አየሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው። አልቅት የጨረሰ ውሃ የሰው ሆድ ገብቶ ምን ይሠራ ይሆን?

አንተ በፋብሪካችሁ የቀለሙ ውሃ በጉድጓድ ተጠራቅሞ ኖራ እንደሚጨመርበት ነግረኸኝ ነበር። እኔም በባልዲ ቀድቼ ሞከርኩት። ቀለሙ ከታች ረግቶ ላዩ እንደ ምንጭ ጠራ፤ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ከላይኛው ጅረት ጭራቸው ያልጠፋ የእንቁራሪት ልጆች አምጥቼ ጨመርኩበት፤ ቁርሴን ሳልጨርስ ሞቱ። ኖራው ይግደላቸው ወይስ የማይታየው መርዝ፣ አላውቅም። እናንተ ከኖራው በኋላ ምን ታደርጋላችሁ? መዳኑን በምን ታውቃላችሁ? የረጋውስ ዝቃጭ የት ይጣላል? አጣርተህ ጻፍልኝ።

አብራኝ የምታቀልም ወለተኢየሱስ የምትባል ልጅ ነበረች። ለዚህ ውሃ ጉድጓድ ይቆፈርለት ብላ በስብሰባ ተናገረች። ኃላፊያችን ጓድ ኃይለየሱስ ለወታደር በሚሠራ ብርድ ልብስ ላይ አሻጥር ነው አለ። ወሰዷት። እናቷ ስንቅ ይዛ ብትሄድ እዚህ እንዲህ የምትባል ሰው የለችም ብለው መለሷት። ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ ውስጥ ስለ ውሃ የሚተነፍስ ሰው የለም፤ እኔም አፌን ዘግቼ ከርሜያለሁ።

ለአባባ በጆሯቸው ልንገራቸው እንዳልል ታውቃቸዋለህ፤ ምስጢር አያድርባቸውም። ልጄ ኦብሴ ነገረችኝ ብለው ያኑ ዕለት ለመንደሩ ያዳርሱታል። ምክንያቱን ሳልጠቅስ አይጠጡት ብላቸው የከተማ ሰው ሆንሽ ብለው ሳቁብኝ። ስለዚህ መልስህን መጠበቅ አልቻልኩም። በሚመጣው ቅዳሜ፣ ከብቱ ሲሰበሰብ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ።

እማዬ ዓይንህን ትስምሃለች። አባባ ምርቃታቸውን ልከውልሃል፤ ከአዲሱ ሆራም በጠርሙስ ሊልኩልህ ነበር፣ መንገድ ላይ ይፈሳል ብዬ አስቀረሁት። አሰፋሽን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ፤ ዲማን ጉንጩን ሳምልኝ።

ወንድሜ፣ ወሬዬ ከጠፋብህ እኔን ለመፈለግ ወደ ጎባ እንዳትመጣ፤ የሚጠይቀውንም ይይዛሉ። አንተ ቀጥታ ወደ አባባ ሂድ። የአንተን ቃል ያምናሉ፤ ጣሳውን ከእጃቸው ተቀበልልኝ።

እህትህ ኦብሴ ረጋሳ
ጎባ፣ ኅዳር 1975 ዓ.ም.